የናፍጣ መኪና የጭስ ምርመራ

የናፍጣ መኪና የጭስ ምርመራ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከማርሚታው የሚያወጣውን ጭስ ጥቁረት በመለካት ተሽከርካሪው መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ መሆኑን የሚወስን የቴክኒክ ምርመራ ነው። በብዙ አገሮች ከፍሬን፣ ከመሪና ከመብራት ምርመራ ጋር በየጊዜው ይካሄዳል። በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ሲሆን፣ ዓመታዊውን ምርመራ ያለፈ ተሽከርካሪ ቦሎ ይለጠፍለታል። አንድ የቆየ የናፍጣ መኪና በጭስ ምክንያት ሲወድቅ ሞተሩ አለቀለት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአየር ወይም በነዳጅ መንገዱ ላይ ያለ፣ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው።

የጭሱ ምንጭ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ አያቀጣጥልም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቃል፤ የተጨመቀው አየር በጣም ስለሚግል ኖዝሉ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። በቆዩ የመኪና ሞተሮች አየሩ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 23 እጥፍ ይጨመቃል።

1 ኪሎግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በተግባር ግን ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ከአየሩ ጋር እኩል ለመቀላቀል ጊዜ ስለሚያጥረው ከዚህ የበለጠ አየር ያስፈልጋል። በቆየ የናፍጣ ሞተር የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ የሚቆጣጠረው የነዳጁን መጠን እንጂ የአየሩን መጠን አይደለም። ስለዚህ ነዳጅ ሲበዛ ወይም አየር ሲያንስ የነዳጁ ካርቦን ሳይቃጠል ይቀርና ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

የጭሱ ቀለም የችግሩን ዓይነት ይጠቁማል።

ጥቁር ጭስ፦ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፣ ወይም ርጭቱ ተበላሽቷል።

ሰማያዊ ጭስ፦ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ያለቀ ፋሻ፣ የቫልቭ ጎሚኒ ወይም ቱርቦ ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው።

ነጭ ጭስ፦ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ቢታይ አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ወይም በተበላ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል።

የአለካኩ ዘዴ

ለመለኪያ የሚያገለግለው መሣሪያ በጭሱ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደታገደ ያነባል። ውጤቱ በአንድ ሜትር የጭስ ርዝመት ብርሃን የሚደክምበትን መጠን በሚገልጽ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጭሱ ወፍራም ነው። መርማሪው ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ፔዳሉን በፍጥነት እስከ መጨረሻ ይረግጣል፤ ሞተሩ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ይለቃል። ይህ ተደጋግሞ ይሠራል።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከእ.ኤ.አ. 1980 በፊት የተመዘገቡ መኪናዎች ከዚህ ልኬት ነፃ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለተመዘገቡት አሮጌዎች አምራቹ የራሱን ልክ ካላስቀመጠ ጣሪያው ቱርቦ ለሌለው ሞተር 2.5፣ ቱርቦ ላለው ደግሞ 3.0 ነው። ለአዳዲሶቹ ወደ 1.5 እና ወደ 0.7 ዝቅ ይላል። መኪናው የሚወድቀው የመጨረሻዎቹ ሦስት ልኬቶች አማካይ ከጣሪያው ሲያልፍ ነው። ከልኬቱ በፊት ሞተሩ መሞቅ አለበት፤ የዘይቱ ሙቀት ቢያንስ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ደንቡ ይጠይቃል። በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸትም አስቀድሞ በጥቂት ርግጫ እንዲወጣ ይደረጋል።

የከፍታ ተጽዕኖ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚያገኘው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ፓምፑ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ከሆነና ከፍታን የሚያካክስ ክፍል ከሌለው የሚልከው የነዳጅ መጠን ያው ስለሆነ፣ ጅቡቲ ላይ ሳያጨስ የነበረ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ምንም ሳይበላሽ ሊያጨስ ይችላል። ቱርቦ አየሩን አስገድዶ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል። በደጋ ከተሞች የሚሠራ መካኒክ የፓምፑን ነዳጅ በመጠኑ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከወደቀ በኋላ የሚደረግ ጥገና

ጥገናው ብዙ ገንዘብ ከማይጠይቀው ቢጀመር ይመረጣል። ሳይመረመር ሞተር ማውረድ ባለንብረቱን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

1. አየር። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል። ቱርቦ ባለው መኪና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ተቀዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ከሆነ አየሩ መንገድ ላይ ይባክናል። የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ያላቸው መኪናዎች ደግሞ ቫልቩ ተከፍቶ ከተጣበቀ የንጹሕ አየሩን ቦታ ጭስ ይይዘዋል።

2. ዘይትና ፊልትሮ። የቆየ ወይም ከመጠን በላይ የተሞላ ዘይት ራሱ ወደ ጭስነት ሊለወጥ ይችላል።

3. ጥላሸት ማስወጣት። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በዝግታ ብቻ የሚነዳ መኪና ማርሚታው ውስጥ ጥላሸት ያጠራቅማል። ከምርመራው በፊት በአውራ ጎዳና ላይ በሞቀ ሞተር ለተወሰነ ጊዜ መንዳት ይህን ያስወጣል፤ የተበላሸ ዕቃን ግን አይጠግንም።

4. ኖዝል። ጤናማ ኖዝል ነዳጁን እንደ ጉም ይበትናል፤ ያረጀው ደግሞ ያንጠባጥባል። ትልልቁ ጠብታ በቂ አየር ሳያገኝ ስለሚቃጠል ጥቁር ጭስ ይፈጥራል። ኖዝሉ ተፈትቶ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ የሚከፈትበት ግፊትና የርጭቱ ቅርጽ ይታያል። ወደ ነዳጅ ታንክ የሚጨመር ማጽጃ ቆሻሻን ሊቀንስ ይችላል፤ ያለቀን ኖዝል ግን አይመልስም።

5. ፓምፕ። ነዳጁ የሚረጭበት ቅጽበት ከዘገየ ጭስ ይጨምራል። የነዳጁ መጠን በዝቶ ከሆነም በፓምፑ ላይ ባለው ብሎን ይቀነሳል። ይህ ሥራ መለኪያ ባለው የፓምፕ ባለሙያ ቢሠራ ይሻላል፤ ምክንያቱም ነዳጅ ሲቀነስ የመኪናው ጉልበትም ይቀንሳል።

6. ኮምፕሬሽን። ከላይ ያሉት ሁሉ ደህና ሆነው ጭሱ ካልቀነሰ ፋሻ፣ ሲሊንደር ወይም ቫልቭ አልቆ ሊሆን ስለሚችል የየሲሊንደሩ ግፊት ይለካል። ሞተር ማውረድ የሚታሰበው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው።

ምርመራው ራሱ ሞተሩን ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ስለሚወስድ አስቀድሞ የዘይቱ መጠንና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ መታየት አለባቸው። ያረጀ ቺንጋ በዚያ ፍጥነት ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቮቹን መትቶ ቴስታታውን ያበላሻል።

የምርመራው ዓላማና ገደብ

አንዳንድ ባለመኪናዎች ለምርመራው ቀን ብቻ ፓምፑን አስቀንሰው፣ ካለፉ በኋላ ለጉልበት ሲሉ መልሰው ያስከፍታሉ። ይህ ወረቀቱን ያስገኛል፤ ጭሱ ግን ይመለሳል፣ ነዳጅም ይባክናል። ለረጅም ጊዜ ነዳጅ በዝቶበት የሚሠራ ሞተር ከመጠን በላይ ስለሚግል ፒስተኑም ሊጎዳ ይችላል።

አብዛኞቹ የናፍጣ ጥላሸት ቅንጣቶች መጠናቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ በመሆኑ እስከ ሳንባ ውስጠኛ ክፍል ይደርሳሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ወስኗል። ጭሱን ከሁሉ አብልጠው የሚተነፍሱት ቀኑን መንገድ ላይ የሚውሉት ናቸው፦ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ የጎዳና ነጋዴዎችና በእግራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች።

ምርመራው ሁሉን አያሳይም። መሣሪያው የሚያየው ብርሃን የሚከለክለውን ጭስ ስለሆነ በዓይን የማይታዩትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አይለካም። እንዲያውም ርጭቱን ከተገቢው በላይ ማስቀደም ጥላሸቱን ቀንሶ እነዚህን ጋዞች ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ የፓምፑ ማስተካከያ የሞተሩ አምራች ከሰጠው ልክ መውጣት የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድሞ የገቡት ግን በመንገድ ላይ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የባለቤቶቻቸው መተዳደሪያ ናቸው። እነዚህ መኪናዎች ባረጁ መጠን የጥገናቸው ጥራት ለባለቤቱ ኪስም ለከተማው አየርም የበለጠ ወሳኝ ይሆናል።