ስፕሪንግ ወይስ ስፖንጅ? ጅዳና መካ ላላችሁ እህቶች ስለ ፍራሽ አመራረጥ

ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተወርቷል። ማታ ጎናችንን ስለምናሳርፍበት ፍራሽ ግን የሚያነሳ ሰው እምብዛም የለም። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ከንጋት ጀምራ ልጆችን ለትምህርት ቤት ስታዘጋጅ፣ ደረጃ ስትወለውል፣ ቆማ ልብስ ስትተኩስ፣ በቤቱ አቅመ ደካማ እናት ካሉም እሳቸውን ከአልጋ ወደ ወንበር ስታነሳ የዋለች ሴት፣ ማታ የምትጋደመው ሰድር ላይ በተዘረጋ አራት ጣት በማይሞላ ስፖንጅ ከሆነ፣ ወገቧ የሚያርፍበት ሰዓት የለም ማለት ነው። የወገብ ሕመም ሁሉ ከፍራሽ ይመጣል አንልም። ነገር ግን ጠዋት ስትነሱ የሚብስ፣ ጥቂት ስትንቀሳቀሱ ደግሞ ቀለል የሚላችሁ ከሆነ ፍራሹን ከመጠርጠር ጀምሩ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍራሽ ሳይሆን የሐኪም ነው።

ከዓይነትና ከዋጋ በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። በአሠሪ ቤት የምትኖር ሠራተኛ መኝታ የሠራተኛዋ ወጪ አይደለም። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም ባወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛዋም በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንድታገኝ ተደንግጎ ነበር። ይህን ተክቶ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብም የመኖሪያውን ግዴታ እንዳለ አቆይቶ፣ የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ተከታታዩ የቀን ዕረፍትም ከ8 ሰዓት እንዳያንስ ወስኗል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም ባወጣው 201ኛው ምክረ ሐሳብ ለቤት ሠራተኛ የሚሰጠው ክፍል የብቻዋ፣ ተገቢው ዕቃ የተሟላለት፣ አየር የሚገባውና ቁልፉ በእጇ የሆነ መሆን እንዳለበት ጽፏል። ይህ ምክር ነው እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም የጠየቃችሁት ነገር ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

አጠያየቁን በተመለከተ ጊዜውን መምረጥ ይጠቅማል። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ወይም ለኢድ ቤቱ ሲታደስና ዕቃ ሲቀየር ማዳምን ማነጋገር እንግዶች በሞሉበት ቀን ከማንሳት ይሻላል። «ዛህሪ ዩውጂዕኒ፤ አብጋ መርተባ ሱስት» ብትሉ ይበቃል፤ ወገቤን ያመኛል፣ የስፕሪንግ ፍራሽ እፈልጋለሁ ማለት ነው። መርተባ ፍራሽ፣ ሱስት ስፕሪንግ፣ ኢስፈንጅ ደግሞ ስፖንጅ መሆኑን ያዙ፤ ሱቅም ስትሄዱ እነዚሁ ቃላት ያገለግሏችኋል። አዲስ አይገዛም ከተባለ የልጆቹ ፍራሽ ሲቀየር አሮጌውን ለምኑ። ያልጎደጎደ አሮጌ ስፕሪንግ፣ አዲስ ከሆነ ስስ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። መኝታ የሚባል ነገር ጭራሽ ተነፍጋችሁ ኩሽና ወለል ላይ የምታድሩ ከሆነ ግን ይህ የልመና ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው፣ ጅዳም የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ።

አሁን ወደ ፍራሹ እንግባ። ብዙዎቻችን ያደግነው በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ነው። የጠፍር አልጋ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ጠፍሩ ተወጥሮ ሳለ ሰውነትን እኩል ይይዛል፣ ሲላላ ግን መሐሉ ይጎደጉድና ወገብ ቁልቁል ይንጠለጠላል። የማንኛውም ፍራሽ ጥያቄም ይኸው ነው፤ መሐሉ የሚይዘው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ልዩነቱ ጠፍር ሲላላ ይወጠራል፤ ፍራሽ ግን አንዴ ከጎደጎደ አይመለስም።

ስፖንጅ ፍራሽ መልካምም መጥፎም አለው። የሚለየው ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ ነጋዴዎች ከሳፋ ይሉታል፣ በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሆነ ማለት ነው። ከ20 ኪሎ በታች የሆነው ለትራስ ወይም አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንግዳ ቢሆን እንጂ ለየቀኑ መኝታ አይበቃም፤ በወራት ውስጥ ይሟሽሻል። ለአዋቂ ሰው ዕለታዊ መኝታ 28 ወይም 30 እና ከዚያ በላይ ጠይቁ። ጽሑፍ ከሌለው በእጃችሁ አንሱት፤ ትልቅ ሆኖ እንደ ላባ የሚቀል ከሆነ ውስጡ አየር ነው። በጡጫ ተጫኑትና ወለሉ እጃችሁን ከነካው ተውት።

ስፕሪንግ ፍራሽ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውና ርካሹ፣ ጥቅልል ሽቦዎቹ ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙበት ነው፤ ሱስት ሙተሲላ ይሉታል። ጠንካራ ነው፣ አየርም በደንብ ያሳልፋል፣ ነገር ግን አንዱ ጥግ ሲጫን ሌላው ጥግ ይነቃነቃል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሽቦ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የገባበት ነው፤ ሱስት ሙንፈሲላ ይባላል። ይህን የፈለሰፈው የካናዳ ነዋሪ የነበረው ጄምስ ማርሻል ሲሆን ዘመኑም 1900 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ «አዲስ ቴክኖሎጂ» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። ትከሻና ዳሌ የሚከብድበት ሽቦ ብቻ ለብቻው ዝቅ ይላል፣ ወገብ የሚያርፍበት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ክፍል ተከራይታችሁ ሁለት ሆናችሁ በአንድ አልጋ የምታድሩ፣ አንዷ ሌሊት ስትገላበጥ ሌላዋ እንዳትነቃ የሚረዳውም ይኸኛው ነው።

ሃይብሪድ የሚባለው ከታች እነዚህ በከረጢት ያሉ ሽቦዎች፣ ከላይ ደግሞ ወፈር ያለ ስፖንጅ፣ ሜሞሪ ፎም ወይም ላቴክስ የተደረገበት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከታች ጥንካሬ፣ ከላይ ምቾት። ችግሩ ስሙ ሚዛን የለውም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ አልብሶ ሃይብሪድ ብሎ የሚሸጥም አለ። ስለዚህ የላይኛው ንጣፍ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ጠይቁ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስሙ ይገባዋል። ስንት ሽቦ አለው የሚለውን ቁጥር ብዙ አትመኑት፤ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸውን ሁለት ፍራሾች ስታወዳድሩ ብቻ ነው። የሽቦው ውፍረትም ያው ያህል ይቆጠራል።

እኛን ብትጠይቁን፣ ገንዘቡ ለጥሩ ሃይብሪድ የማይበቃ ከሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ተራ ስፕሪንግ ገዝቶ ላዩን በወፈር ያለ ብርድ ልብስ ማለስለስ፣ ርካሽ ሃይብሪድ ከመግዛት ይሻላል። በርካሽ ሃይብሪድ ቀድሞ የሚሟሽሸው የላዩ ስፖንጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከውስጥ ተሰፍቶ ስለሚመጣ አይቀየርም። ብርድ ልብስ ይታጠባል፣ ይቀየራል።

«መርተባ ጢብያ»፣ የሕክምና ፍራሽ ስለሚባለውም እንናገር። ብዙ እህቶች ወገብ ሲያማቸው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍራሽ ይሻላል ተብለው ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ የስፔን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ጠንካራ፣ ለግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሰጥቶ 90 ቀን ተከታተላቸው። የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ። ሐኪሞችም ሳይቀሩ ለረጅም ዘመን ጠንካራ ፍራሽ ሲያዙ ኖረዋልና ይህን ማወቅ ገንዘብም ወገብም ያድናል። ፍራሹ ለእናንተ መጠኑ መሆኑን ለማወቅ በጀርባችሁ ተጋድማችሁ እጃችሁን በወገባችሁ ሥር አሳልፉ። እጅ ያለ ምንም ከልካይ ሰተት ብሎ ካለፈ ፍራሹ በጣም ጠንክሯል፤ ጭራሽ አልገባም ካለ ወገባችሁ ሰምጧል፤ ጠበብ ብሎ ካለፈ ደህና ነው። በጎን የምትተኙና ቀጠን ያላችሁ ትንሽ ለስለስ ያለ፣ ሰውነታችሁ ሞላ ያለ ደግሞ ጠንከር ያለ ይስማማችኋል። ሱቅ ውስጥ በአባያ መጋደም ቢያሳፍራችሁ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ በጉልበታችሁም መሐሉን ተጫኑ። ጠርዙ አንሸራቶ የሚጥላችሁ፣ ወይም ሽቦው ጉልበታችሁን የሚቆረቁር ከሆነ ይቅር።

አየሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጅዳ ቀይ ባሕር ዳር ናት፤ በተለይ በበጋው መጨረሻ እርጥበቱ ግድግዳ ያላብሳል። ሰድር ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ፍራሽ የሰውነት ላብና የቀዝቃዛው ወለል እርጥበት ከታች ይሰበሰብበትና ይሻግታል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ወይም የጎተራ ሽታ ከሸተታችሁ ይኸው ነው። አስም ላለባት እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨዋማው አየር ደግሞ ስፕሪንጉን ያዝጋል፤ መንቋቋት የጀመረ ፍራሽ ብዙ ጊዜ የዛገ ነው። መፍትሔው ከወለል ከፍ ማድረግ ነው። አልጋ ከሌለ ነጋዴዎች ዕቃ የሚደረድሩበት የእንጨት ርብራብ ይበቃል፤ ንጹሕና ሚስማር የሌለው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። እሱም ካልተገኘ ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙት። መካ ከባሕር የራቀች፣ በተራሮች መካከል ያለች ደረቅ ከተማ ናትና ሻጋታው ያን ያህል አያስቸግርም፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ደካማ በሆነበት ክፍል፣ ሰገነት ላይ በተሠራ የሠራተኛ ክፍል ደግሞ ይልቁን፣ ሰውነትን አቅፎ የሚይዘው ሜሞሪ ፎም ያቃጥላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ስፕሪንጉ የሚበዛ፣ ስፖንጁ የሚያንስ፣ ልብሱም ጥጥ የሆነ ይመረጣል።

ያገለገለ ፍራሽ በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በጅዳ እንደ ጉለይል፣ ፔትሮሚንና ከረንቲና ያሉ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ዕቃውን እየጣለ ከቦታ ቦታ ተዛውሯል፤ ክፍል የሚቀይር ሰው ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ርካሽ ፍራሽ ነው። ችግሩ ትኋን ነው። ያገለገለ ፍራሽ ከመግዛታችሁ፣ መንገድ ዳር የተጣለም ከማንሳታችሁ በፊት በስልካችሁ መብራት ጠርዙን፣ ስፌቱንና የንግድ ምልክቱ የተሰፋበትን ሥር ፈትሹ። በእስክሪብቶ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ ቡናማ ቅርፊት ወይም ነጭ ጥቃቅን እንቁላል ካያችሁ በነፃም ቢሆን አትውሰዱት። ወደ አሠሪ ቤት ከገባ ተወቃሿ ማን እንደምትሆን መናገር አያስፈልግም። አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ሲታጠብ ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል፤ ፍራሽ ግን አይታጠብም።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ቦታውን በቅድሚያ ለኩ። የአንድ ሰው ፍራሽ 90 በ190፣ 100 በ200 ወይም 120 በ200 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል። የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶውን ታክስ ይጨምር እንደሆነ፣ ማድረሻም እንዳለው ጠይቁ። በብሔራዊ ቀኑ በሴፕቴምበር 23 ሰሞንና በኢድ ዋዜማ ቅናሽ ስለሚኖር መታገሥ ከቻላችሁ ታገሡ። ፋቱራውን ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ፤ ደማን፣ ማለትም ዋስትና፣ ያለ ፋቱራ ወረቀት ብቻ ነው። አሥር ዓመት ዋስትና ሲሏችሁም ምን ያህል ሲጎደጉድ እንደሚቀይሩ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ መጎድጎዱ የተወሰነ ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ አይቀበሉም፣ ዕድፍ ካለበትም ይመልሱታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልባስ አልብሱት። ሻጩ አሻፈረኝ ካለ የንግድ ሚኒስቴሩ አቤቱታ ስልክ 1900 ነው።

ፍራሽ ገዝቶ በካርጎ ወደ አገር ቤት መላክን የምታስቡ እህቶች አላችሁ። ካርጎው በቦታ ጭምር ስለሚያስከፍል ፍራሹን ያህል ወይም በላይ ልታወጡ ትችላላችሁ፤ ለእናታችሁ ፍራሽ ከፈለጋችሁ ገንዘቡን ልካችሁ እዚያው አስገዙ።

ስፖንጅ ሁሉ በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ ሲቃጠልም ጢሱ በደቂቃዎች የሚገድል መሆኑን አትርሱ። ስልክ ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ ፍራሽ ላይ ወይም በትራስ ሥር አታሳድሩ፤ የዕጣን ከሰልም በመኝታ ክፍል አይደር።

ተጠቅልሎና ታምቆ የመጣ ፍራሽ ከተከፈተ በኋላ ሙሉ ቁመቱን እስኪያገኝ አንድ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሽታም መስኮት ሲከፈት ይጠፋል። የፋብሪካውን ላስቲክ ግን እንዳያድፍ ብላችሁ አታቆዩበት፤ ላብ ያጠራቅማል፣ ሻጋታም ይጠራል። በየሦስት ወሩ የራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት። ሃይብሪዱ ላዩ አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ አይገለበጥም፣ ይዞራል እንጂ፤ ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት የሆነው ተራ ስፕሪንግ ግን ይገለበጣልም ይዞራልም።