በጀልባ ውስጥ ስለሚተከል አሮጌ የቤንዚን ሞተር፤ የፍጥነት እጀታውና የካርቡራቶሩ ጉድለት እንዴት እንደሚመረመር

አገር የሚለማው በእርሻ ብቻ አይደለም፤ የእርሻውን ፍሬ ከቦታ ወደ ቦታ በሚያደርስ መንገድም ጭምር ነው። በጋምቤላ አገር ክረምት ሲገባ የየብሱ መንገድ ጭቃ ይሆንና ወንዙ ራሱ መንገድ ይሆናል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቅዶ ነበር። ከዚያም ወዲህ ወንዙ በሚሞላበት ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ እየወጡ ቡናና ሌላውን ሸቀጥ ሲያመላልሱ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ ጣቢያውም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እነዚያ መርከቦች ዛሬ የሉም። ነገር ግን በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ ያቆመው ሐይቅ ዓሣ ይሰጣል፤ ባሮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደ ሆነው ከዳሩ ወጥቶ ሰፈሩን ባጥለቀለቀ ጊዜ ሰውና እህል የሚድነው በጀልባ ነው። ስለዚህ በጀልባው ሆድ ውስጥ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው፤ ሞተሩ በወንዝ መካከል ሳይጠፋ ጉድለቱን በደረቅ መሬት መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

ስለ እሳት አስቀድሞ መጠንቀቅ

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ከመኪና ሥር ያንጠባጠበ ቤንዚን በነፋስ ይበተናል፤ በጀልባ ሆድ ውስጥ ግን ትነቱ መውጫ አጥቶ ከታች ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ስታገኘውም ጀልባውን ከነሰዎቹ ያጠፋል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ክዳኑን መክፈት፤ የአየር ማራገቢያ ቢኖረው ቢያንስ 4 ደቂቃ ማስኬድ፤ ከዚያም አጎንብሶ ማሽተት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሽታ ካለ ሞተሩ አይነሳም፤ በአጠገቡም ትንባሆ አይጨስም።

በካርቡራቶሩ አፍ ላይ ያለውን የእሳት መከላከያ ወንፊት ለጊዜው ችግር ብሎ አውልቆ መሄድ ክልክል ነው። የመኪና ካርቡራቶር በጀልባ ካርቡራቶር ፈንታ መግጠምም እንዲሁ ነው። የጀልባው የተሠራው የሞላው ቤንዚን ወደ ውጭ እንዳይፈስ ወደ ሞተሩ ጉሮሮ እንዲመለስ ተደርጎ ነውና።

አሠራሩ

መሪው ዘንድ ያለው የፍጥነት እጀታ በካቦ ከካርቡራቶሩ ክንድ ጋር ተያይዟል። ክንዱ ሲሳብ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለች ክብ መዝጊያ ትከፈታለች፤ ሞተሩም አየር ይስባል። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለ ተንሳፋፊ ቤንዚኑ በቃ ባለ ጊዜ መርፌውን ከፍ አድርጎ መግቢያውን ይዘጋል።

ጉድለቱ ከካቦው ነው ወይስ ከካርቡራቶሩ?

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ካቦውን ከክንዱ ፈትቶ ክንዱን በእጅ ማንቀሳቀስ ነው። ክንዱ ሳይያዝ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ችግሩ በካቦው ነው፤ ከተያዘ ግን በካርቡራቶሩ ነው። ካቦው ከተመለሰ በኋላ አንድ ሰው እጀታውን እስከ መጨረሻ ይግፋ፤ ሌላው መዝጊያዋ በሙሉ መከፈቷን፤ እጀታው ሲመለስም ክንዱ ከማቆሚያው ብሎን ላይ ማረፉን ይመልከት። የዛገ፤ የተጠማዘዘ ወይም ክሩ የተበጠሰ ካቦ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ አይታይ። እጀታው ወደ ዝቅተኛው ዙር ካልተመለሰ ማርሹ በከፍተኛ ዙር ሲገባ ይሰበራል። ከዚህም የሚከፋው፤ ጀልባው ሴቶች ውሃ ወደሚቀዱበትና ልጆች ወደሚዋኙበት ዳር ሳይቆም መድረሱ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ነጂው ከእጀታው ጋር ሳይታገል ሞተሩን ወዲያው በቁልፉ ማጥፋት አለበት።

የጉድለቱ ምልክት

1ኛ፤ ሞተሩ ተነስቶ እጀታው ዝቅ ሲል ቢጠፋ፤ የዝቅተኛው ዙር መተላለፊያ ቆሽሿል ወይም ብሎኑ ተዛብቷል። የድብልቁን ብሎን በካቻቢቴ ሳያጠብቁ በቀስታ እስኪያርፍ ማዞር፤ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል መመለስ፤ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ድምፁ እስኪስተካከል በጥቂት በጥቂቱ ማረም ነው።

2ኛ፤ እጀታው በድንገት ሲገፋ ሞተሩ ቢደናቀፍ፤ በካርቡራቶሩ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ደክማለች። ሞተሩ ጠፍቶ ክንዱ ሲሳብ በጉሮሮው ውስጥ የቤንዚን ጅረት ካልታየ ይህ እርግጥ ነው።

3ኛ፤ ጥቁር ጢስ ቢወጣና ካንዴላው ቢጠቁር፤ ቤንዚኑ በዝቷል። ተንሳፋፊው፤ መርፌው፤ የእሳት መከላከያው ወንፊትና ለማስነሻ የሚዘጋው የአየር መክደኛ ይታዩ።

4ኛ፤ ሞተሩ በካርቡራቶሩ አፍ ቢተፋና ጭነት ሲይዝ ቢደክም፤ ቤንዚኑ አንሷል። ፊልትሮው ይጽዳ። በጋኑ ውስጥ ውሃ እንዳለ ለማወቅም ከጋኑ ሥር ጥቂት በጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ነው፤ ውሃው ከባድ ስለ ሆነ ከታች ለብቻው ይታያል።

5ኛ፤ ጥቂት ሄዶ ቢጠፋና ካረፈ በኋላ ቢነሳ፤ የጋኑ አየር መግቢያ ተደፍኗል ወይም በቆላው ሙቀት ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ተንኗል። የጋኑ ክዳን ሲላላ አየር እየጮኸ ከገባ ምክንያቱ የፊተኛው ነው።

በደጋ ስለ ተስተካከለ ካርቡራቶር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ብቻ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በዚያ ያለ መካኒክ የቤንዚኑን ቀዳዳ ያሳንሳል። ይኸው ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛለትና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። ስለዚህ ካርቡራቶር የሚስተካከለው ጀልባው በሚሠራበት ስፍራ ነው።

ለሹማምንት የተሰጠ ማሳሰቢያ

ጀልባ በእጁ ያለ አስተዳዳሪ ወይም ባለ ሀብት ይህን ምርመራ ክረምት ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት ያስፈጽም። ሠራተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ የለወጠውንም በመዝገብ ይጻፍ፤ ካርቡራቶሩን ከመንካቱ በፊትም ካንዴላውን ይመርምር። ትርፍ ካቦ፤ ፊልትሮና ካንዴላ ከመቅዘፊያው ጋር በጀልባው ውስጥ ይኑር። እጀታው የሚያዝ ወይም ቤንዚን የሚያፈስ ጀልባ፤ የቱንም ያህል ጭነት ቢጠብቀው፤ ሳይጠገን ሰው ጭኖ እንዳይሄድ ሹሙ ይከልክል።