የልጅ ከንፈር ድንገት ሲያብጥ

ለብዙ ሰው የሚስማማ ምግብ ወይም መድኃኒት ለአንዳንድ ሕፃናት አይስማማም። ሰውነታቸው እንደ ጠላት ቆጥሮት ይቆጣል፤ ይህም አለርጂ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከማሳከክና ከሽፍታ አያልፍም። አልፎ አልፎ ግን መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ ያጠቃል። ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ይህ ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ባልም ሚስትም ምልክቱን ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ በዚያን ሰዓት ቤት የሚገኘው ማን እንደሆነ አይታወቅምና።

መንስኤው የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ፣ የንብ ንድፊያ ወይም እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። «ከዚህ በፊት በልቶት ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነት በመጀመሪያው ጊዜ ተዋውቆ በሚቀጥለው የሚቆጣበት ጊዜ አለ።

ልጁ ከበላ ወይም መድኃኒት ከወሰደ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቆዳው ሽፍ ይላል፤ ፊቱ፣ ከንፈሩና ምላሱ ያብጣል። ከዚህ ጋር ድምፁ ከጎረነነ፣ ካሳለው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ገርጥቶ ከዛለ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሽፍታ ሳይታይ ትንፋሽ የሚያጥርበትም ጊዜ አለ።

ምች ነው ብሎ ዳማከሴ መጭመቅ ወይም ወተት ማጠጣት ጊዜ ማጥፋት ነው። የአለርጂ ሽሮፕም ማሳከኩን ያስታግስ እንጂ የተዘጋ የአየር ቧንቧ አይከፍትም። የሚያድነው በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ቧንቧውን ይከፍታል፣ የወደቀውን የደም ግፊት ያነሣል። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ሲሆን ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ስለዚህ ስሙ የገነነውን ሩቅ ሆስፒታል ትታችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡ። አምቡላንስ ከዘገየ ታክሲም ሆነ ባጃጅ ይበቃል። በመንገድ ላይ ልጁን አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ። አታስቁሙት፣ አታስኪዱት። በር ላይ እንደደረሳችሁ ምን እንደበላና ስንት ሰዓት እንደሆነው ተናገሩ።

መርፌው ሲሠራ ልጁ ወዲያው ይነቃቃል። ብዙ ወላጆችም ድኗል ብለው ሊመለሱ ይፈልጋሉ። ሆኖም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ሪፈር ከተጻፈላችሁ በዚያው ሰዓት ሂዱ። የተወጋውን መድኃኒትና ሰዓቱን የያዘው ወረቀት አብሯችሁ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያልተስማማው ነገር ስም በልጁ ካርድ ላይ ይጻፍ፤ ለሠራተኛዋ፣ ለጎረቤትና ለመምህሩም ይነገር፤ በተለይ የጾም ጊዜ ሲደርስ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ከየቤቱ አይጠፋም።