ከግብር ነጻ የሆነው ቤትና የመቱ ማዘጋጃ ቤት ካዝና

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የመቱ ከተማ ዙሪያዋ ቡና ነው። ከሁሩሙ፣ ከጎሬና ከያዩ አቅጣጫ የሚመጣው ገበሬ ቡናውንና ማሩን ይዞ ይገባባታል፤ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ ይወጣል። የአካባቢው ዝናብ ብዙ በመሆኑ የከተማይቱ መንገድ ቶሎ ይቦረቦራል፣ ቦዩም ቶሎ በደለል ይደፈናል። መንገዱን የሚያስጠርገው፣ ቦዩን የሚያስቆፍረው፣ ገበያውን፣ ቄራውንና የመቃብሩን ቦታ የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ፣ በመቱም ሆነ በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች፣ ከአንድ አሮጌ አዋጅ ጋር የተያያዘ ነው።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ንብረት የሆነው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። ሕዝቡ «የጣራና ግድግዳ ግብር» ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ግብሩ የሚታሰበው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ሲሆን፣ መጣኔው ከ1 በመቶ ተነሥቶ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል። ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ እስከ 300 ብር የሆነ መኖሪያ ቤት ከግብሩ ነጻ ተደረገ። የአምልኮ ቦታዎች፣ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በጀት የሚመደብላቸው መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ።

ሦስት መቶ ብር በዓመት ማለት 25 ብር በወር ማለት ነው። በጊዜው ይህ ግምት የጭቃና እንጨት ግድግዳ ያላትን፣ እንጀራ እየጋገረች የምትተዳደር ባልቴት የምትኖርባትን ዓይነት ቤት የሚመለከት ነበር። ቆርቆሮ ክዳን ያላት ብትሆንም፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ካለች ግምቷ ከፍ አይልም። በትልቅ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ከብዙ ሌሎች ቤቶች መካከል አንዱ ነው። በገጠር መካከል በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ግን የቤቱ ሁሉ ግምት ወደ ታች ያዘነበለ በመሆኑ፣ ለድሃው የተሰመረው መስመር ከተማይቱን ራሷን ሊነካት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን ጠጋ ብሎ ለሚመለከተው፣ ቀዳዳው የተከፈተው በዚህ በኩል አለመሆኑን መገንዘብ አያዳግትም። የ300 ብር ግምት ያለው ቤት ግብር ይከፈልበት ቢባል ኖሮ፣ በ1 በመቶ ሲሰላ የሚገኘው 3 ብር በዓመት ነው። ሦስቱን ብር ለማስከፈል የሚሄደው ሠራተኛ አበልና የደረሰኙ ወረቀት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከመስመሩ በላይ ያለውን ቤት እንመልከት። በወር 50 ብር ያወጣል ተብሎ የተገመተ ቤት፣ ግምቱ በዓመት 600 ብር ነው፤ ግብሩም 6 ብር ይሆናል። ግምቱ በየጊዜው ቢታደስ ኖሮ ይህ ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን የኪራዩ ግምት በአብዛኛው ሳይነካ ብዙ አሥርተ ዓመታት አለፉ። የቡናው ዋጋ፣ የሲሚንቶውና የቆርቆሮው ዋጋ፣ የቤት ኪራዩም ጭምር ብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ የቤቱ ግምት ብቻ ባለበት ቆመ። ስድስት ብር ዛሬ በቡና አገር እንኳ አንድ ስኒ ቡና አትገዛም።

በዚህ የተነሣ በሕግ ነጻ ከተደረገው ይልቅ፣ ሕግ ሳይናገርለት ነጻ ሊባል የደረሰው በዛ። ባልቴቷ ያገኘችው ምሕረት 3 ብር ነው። በአሮጌ ግምት የሚከፍል፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ባለቤት ያገኘው ግን በግምቱና በእውነተኛው ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ነው። ማንም ያልወሰነው፣ በማንም ስብሰባ ያልተነሣ ምሕረት ነው። ቤቱ በበለጠ ቁጥር ምሕረቱም ይበልጣል።

የጎደለውን ማን ይሞላዋል? የከተማ አስተዳደር ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ትምህርትና ጤናን የመሰለው የመንግሥት ሥራ ከክልሉ በሚመደበው በጀት ሲከናወን፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ የሚባለው፣ ማለትም የውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ ቄራና ገበያ፣ ባመዛኙ ከተማይቱ ራሷ በምትሰበስበው ገቢ እንዲሠራ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ የቤት ግብር ሲሳሳ ከተማ ሁሉ የሚያተኩረው በዕለት ክፍያዎች ላይ ነው። የገበያ መደብ ኪራይ፣ የቁም ከብት ኮቴ፣ የቄራ አገልግሎት ይመጣሉ። ከዚያም የቦታ ሊዝ ይከተላል፤ ሊዙ ግን ያልተሰጠ ቦታ እስካለ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ገጠሩ ይሻገራል። በሬውን ነድቶ ገበያ የገባው ገበሬ በከተማይቱ ውስጥ ቤት የለውም፤ ኮቴውን ግን ይከፍላል። ቀድሞም ቢሆን አያያዙ እኩል አልነበረም። በዚያው በ1968 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ገቢው እስከ 600 ብር የሆነ ገበሬ 3 ብር እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። ለከተማው ቤት የተበጀለት ዓይነት «ከዚህ በታች ያለው አይከፍልም» የሚል ወለል ለገበሬው አልተበጀለትም። ከተማው ባለቤቶቹን ሳያስከፍል ሲቀር፣ ጭነቱ ዞሮ ያረፈው ወለል ባልተሰጠው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

የተቋማቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ጎሬ ለረጅም ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ የባሮ ወንዝ ንግድ በጋምቤላ በኩል በደመቀበት ጊዜ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሳይቀሩ የሠፈሩባት ነበረች። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ሲዛወር መሥሪያ ቤቶቹም ተከትለው ሄዱ። ይህ ለመቱ ሥራና ገበያ አመጣላት። ዳሩ ግን መሥሪያ ቤት ግብር አይከፍልም። ኋላም መቱ ካርል ሆስፒታል፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማም መቱ ዩኒቨርሲቲ ተጨመሩ። ከተማይቱ ያለ እነርሱ የዛሬዋን መቱ ባልሆነች ነበር፤ ሆኖም መኪናቸው በመንገዷ ይሄዳል፣ ጎርፋቸውም በቦይዋ ይወርዳል። በአንጻሩ በደሌ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የቢራ ፋብሪካ አላት። ፋብሪካ ከላይ ከተጠቀሱት ነጻ ተቋማት ውስጥ አይቆጠርም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መራጮች በ1970 ዓ.ም. «13ኛው የውሳኔ ሐሳብ» የተባለውን አጸደቁ። በዚህም የንብረት ግብሩ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ከመወሰኑም በላይ፣ ንብረቱ እስካልተሸጠ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ታገደ። የአካባቢ መስተዳድሮች የንብረት ግብር ገቢ ወዲያው ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ከተሞችም ፊታቸውን ወደ አገልግሎት ክፍያ አዞሩ። ለባለ መኖሪያ ቤት በተለይ የተሰጠው ቅናሽ ከቤቱ ግምት ላይ 7,000 ዶላር ብቻ የሚያስቀንስ ስለሆነ እዚህ ግባ አይባልም፤ ገቢውን የገደበው የግምቱ መታሰር ነው። ካሊፎርኒያ በድምፅ ያሰረችውን የኛ ከተሞች በዝምታ አስረውት ቆዩ።

ዝምታው ሲሰበርም ድንጋጤ አስከትሏል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የኪራይ ግምቱን ከፍ ሲያደርግ ከነዋሪው ብዙ አቤቱታ ተሰማ፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሊጨመር ይገባው የነበረው በአንድ ጊዜ ነበርና የመጣው። በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ ሥልጣን ለክልሎች እንዲሆን ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ወሰኑ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማዕቀፍ የሆነውን አዋጅ አጸደቀ። በዚህ መሠረት ታክሱ የሚታሰበው በንብረቱ የገበያ ዋጋ ሩብ ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ250,000 ብር ይያዛል ማለት ነው። ከሺህ አንድ ብር ቢጣልበት እንኳ 250 ብር ይሆናል።

ከስድስት ብር ወደ 250 ብር መሄድ ለማዘጋጃ ቤቱ እፎይታ ነው። ለባልቴቷ ግን ሌላ ነገር ነው። ግምቱ ታድሶ መስመሩ ባለበት ቢቀር፣ በወር 25 ብር የሚከራይ ቤት ዛሬ በመቱም በጎሬም ስለማይገኝ፣ ምሕረቱ ማንም ሳይሽረው በማግሥቱ ይሞታል። መስመሩ በገበያ ዋጋ ቢሰመር ደግሞ፣ አስፋልት በደጇ ያለፈ ጡረተኛ ቤቷ ስለተወደደ ብቻ ሀብታም ተብላ ትቆጠራለች፤ በእጅዋ የሚገባው ያው የጡረታ አበሏ ነው። የገቢዋን መጠን መሠረት ማድረግ የተሻለ ይመስላል። ያም ቢሆን ገቢ የሚመሰክር ሰነድ ይፈልጋል፤ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሰነድ የለውም። ይህን ማን ድሃ እንደሆነ የሚያውቀው ቀበሌው ነውና፣ የስም ዝርዝሩ በነዋሪው ፊት ተነቦ ቢጸድቅ ቅሬታውም ሐሜቱም ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤት ተለክቶ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ልኬቱንም ክረምቱ ከመግባቱና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ከመጨቅየቱ በፊት መጀመር ይሻላል።