ለብረት ፈላጊ መሣሪያ በቤት ውስጥ የሚሠሩ አጋዥ ዕቃዎችና አያያዛቸው

በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በናታኒያና በሐደራ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ማለዳ ወደ ባሕር ዳር ብቅ ሲሉ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር ያለበትን ዘንግ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በአሸዋው ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ማየታቸው አይቀርም። የያዘው መሣሪያ በዕብራይስጥ «ጋላይ ማታኾት» የሚባለው ብረት ፈላጊ ነው። ከእኛም መካከል ይህን ሥራ መዝናኛ ያደረጉ ጡረታ የወጡ አባቶችና ከእነርሱ ጋር የሚሄዱ የልጅ ልጆች አሉ። መሣሪያው ራሱ ከመደብር የሚገዛ ነው። አብረውት የሚያስፈልጉት መዛቂያ፣ ወንፊትና ማግኔት ግን በመደብር ብዙ ገንዘብ ይጠየቅባቸዋል እንጂ በቤት ውስጥ ከወዳደቀ ዕቃ ሊሠሩ ይችላሉ። ስለ እነዚህ ዕቃዎች አሠራርና ስለ አያያዛቸው ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ መናገር ይገባናል፤ ይህን ባለማወቅ ፍርድ ቤት መቆም ይመጣልና። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርንም ሆነ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ፣ አንዲት የዛገች ሳንቲም ብትሆንም፣ በሕጉ ዘንድ ቅርስ ናት። ሳይፈልግ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ለቅርሶች ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ በቂሳርያም ሆነ በአሽቀሎን በጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ መሣሪያውን ይዞ መዞር ራስን ለችግር ማጋለጥ ነው። በ2015 በቂሳርያ ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ወደ 2,000 የሚጠጉ የፋጢማውያን ዘመን የወርቅ ሳንቲሞች ባገኙ ጊዜ መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ መስሏቸው ነበር፤ እንዳወቁ ግን ለባለሥልጣኑ አሳወቁ፣ በዚህም ተመሰገኑ። እኛ የምንነጋገረው ቅርስ በሌለበት በተራው የመዋኛ ባሕር ዳር፣ ከገላ ታጣቢው ኪስና ጣት ስለሚወድቀው የዛሬ ዘመን ዕቃ ነው። ስለ ቦታው ጥርጣሬ ያለበት ሰው አስቀድሞ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ።

ስለ መሣሪያው አሠራር በአጭሩ እንበል። በክቡ ራስ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ በአሸዋው ውስጥ ብረት፣ መዳብ ወይም ወርቅ ሲያጋጥመው ያ ኃይል ይረበሽና ድምፅ ይሰማል። እርጥብና ጨዋማ አሸዋም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጀማሪው ውሃው ዳር ሲደርስ መሣሪያው ዝም ብሎ ሲጮህ «ተበላሸ» ብሎ መደናገጥ የለበትም፤ የመሣሪያውን ንቃት ዝቅ ያድርግ ወይም ወደ ደረቁ አሸዋ ይመለስ። ከዚሁ የተነሣ በክቡ ራስ አጠገብ የብረት ብሎን ማሰር ክልክል ነው፤ ማሰሪያው የፕላስቲክ ይሁን። ገመዱም በዘንጉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠምጠም፤ ከተንጠለጠለና ከተወዛወዘ የሐሰት ድምፅ ይሰጣል።

አሁን ወደ መዛቂያው እንምጣ። ለደረቅ አሸዋ ከሁሉ የቀለለው የአምስት ሊትር ጀሪካን ነው። እጀታው እንዳለ ሆኖ ታችኛው ክፍል በሰያፍ ይቆረጣል፤ ጎኑና ጀርባው በጋለ ሚስማር ወይም በትራፓኖ ይበሳል። ቀዳዳው ስንት ይስፋ? የ1 ሼቅል ሳንቲም ስፋት 18 ሚሊ ሜትር፣ የግማሽ ሼቅል 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሳንቲሞቹን ሁሉ ያስቀራል። የጆሮ ጉትቻና ቀጭን የአንገት ሐብል ግን ያመልጣሉ። ለእነርሱ የ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ በአራት እንጨት ተመትቶ እንደ እህል ወንፊት ይዘጋጃል። እናቶቻችን ጤፍ ሲነፉ የሚያደርጉትን የእጅ አነቃነቅ የሚያውቅ ሰው እዚህም ይጠቀምበታል፤ ከባዱ ዕቃ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባልና።

ለእርጥብ አሸዋ ጀሪካን አይበቃም፤ አሸዋው ከብዶ ይሰብረዋል። እዚህ ላይ የአባቶቻችን ሞያ ይመጣል። በጎንደርና በዙሪያዋ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች በወናፍ፣ በመስፍ፣ በመዶሻና በጉጠት ብቻ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሠርተው የአገሩን ገበሬ ያሠማሩ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ ማሳውን ባይነካም፣ ዘወር ሲል ደግሞ «ቡዳ» እያለ ያማቸው ነበር። እዚህ አገር ማረሻ የሚያዝዛቸው ስለጠፋ ያ ሁሉ ዕውቀት በብዙ ቤት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ወናፍ ማየት ደስ ይላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ መዛቂያ ቢሠራ ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ላሜራ ተቆርጦ በእንጨት ግንድ ላይ እየተቀጠቀጠ እንደ ግማሽ በርሜል ይታጠፋል፤ ቀዳዳው ከመታጠፉ በፊት ይበሳል። የሚገፋው ከንፈር ቶሎ ስለሚያልቅ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ቁራጭ ይበየድበታል። ባሌስትራ ሳይግል ከተቀጠቀጠ ይሰነጠቃል፤ በከሰል እሳት ቀይ እስኪሆን ግሎ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብረድ። ውሃ ውስጥ ቢነከር እንደ መስታወት ደርቆ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል። ዛቢያው እስከ ደረት የሚደርስ ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ አጭር ከሆነ ወገብ ያጎብጣል። ለመቆፈሪያ ተብሎ ስለታም ቢላዋ አይሠራ። በዚህ አገር ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቢላዋ ይዞ ከቤት መውጣት ወንጀል ነው፤ ደነዝ ማንኪያ መሰል መቆፈሪያ ይበቃል።

ማግኔት ከተበላሸ ሬዲዮ ወይም ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ይወጣል። በገመድ ታስሮ በወንፊቱ ላይ ሲዞር ሚስማሩንና የጠርሙስ ክዳኑን ይለቅማል። ወርቅና ብር አይነካም። ሆኖም ከ1994 ወዲህ የተመታው የ1 ሼቅል ሳንቲም በኒኬል የተለበጠ ብረት ስለሆነ ይጣበቅበታል፤ ስለዚህ የተለቀመውን ሳያዩ መጣል አይገባም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ለሚፈልግ ደግሞ፣ የአትክልት ፕላስቲክ ሳጥን ታችው መረብ ተደርጎለት በተነፋ ከመነዳሪ መካከል ይታሰራል፤ ተንሳፍፎ በወገብ ገመድ ይከተላል።

አያያዙን በተመለከተ ዋናው ጠላት ጨው ነው። ከባሕር እንደተመለሱ፣ ቡና እንኳ ሳይጠጣ፣ ክቡ ራስና የታችኛው ዘንግ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። በራሱ ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ካለ ይውለቅ፤ በውስጡ የተጠራቀመ ጨዋማ አሸዋ የሐሰት ድምፅ ያመጣል፣ ይፍቃልም። መቆጣጠሪያው ሣጥን ግን ውሃ የማያስገባ መሆኑ በመመሪያው ካልተጻፈ በቀር በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። በሚነጣጠለው ዘንግ ላይ ዘይት አይቀባ፤ አሸዋ ይይዛልና በደረቁ ይጠረግ።

ከኒሮስታ ያልተሠራው የብረት መዛቂያ ታጥቦና ደርቆ፣ ሞቅ ተደርጎ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባ። ዘይቱ ሲደርቅ ዝገት የሚከላከል ጠንካራ ልባስ ይሆናል። ነገር ግን ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልሎ በጓዳ መጣል እሳት ያስነሣል፤ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም በውሃ ተነክሮ ይጣል።

መሣሪያው ለሳምንታት የማይሠራበት ከሆነ ተራ ባትሪው ይውጣ። ያፈሰሰ ባትሪ የሚተወው ነጭ ዱቄት ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በነካ ጥጥ ተጠርጎ፣ ከዚያ ውሃ በነካ ጨርቅ ተወልውሎ ይደርቃል። በበጋ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ መሣሪያውን መተው ባትሪውንም መስኮቱንም ይጎዳል።

ከአሸዋው የወጣው ነገር ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ከባድ ብረት ከመሰለ አይነካ፤ ቦታውን አስተውሎ መራቅና በ100 ቁጥር ለፖሊስ መደወል ያስፈልጋል። ልጅ አብሮ ካለ ይህ ከመውጣታቸው በፊት ይነገረው።

ባለቤት ያለው ዕቃ ከተገኘ፣ በ1973 በወጣው የጠፋ ንብረት መመለስ ሕግ መሠረት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ካልታወቀም ለፖሊስ ይነገራል። በአራት ወር ውስጥ ባለቤቱ ካልተገኘ ለአግኚው ይሆናል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኦሪት ዘዳግም የታዘዘ ነውና። የጋብቻ ቀለበት ከሆነ በአሸዋ ወይም በሽቦ ብሩሽ አይፈተግ፤ በለብታ ውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ይጽዳ። ባለቤቱን የሚያስገኘው በውስጡ የተቀረጸው ስም ወይም ቀን ነው፤ ከተፋቀ በኋላ አይነበብም።