አሻንጉሊት እንዴት ይናገራል?

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የልጆች ፕሮግራም የምናውቃት ቀጭኔ አጀማመሯ ከካልሲ ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኢትዘንሃውዘር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን በ2005 እ.ኤ.አ. ሲመሠርቱ ቤታቸውን ስቱዲዮ አድርገው፣ የካልሲ አሻንጉሊት ይዘው ጀመሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙ የጀርመኑን የፕሪ ዠኔስና የጃፓኑን የጃፓን ፕራይዝ ሽልማቶች አገኘ። ውድ ዕቃ ሳይሆን የእጅ ሙያ ያስገኘው ክብር ስለሆነ ሁሌም ደስ ይለኛል።

እንደ ካልሲው ያለው አሻንጉሊት የእጅ አሻንጉሊት ይባላል። አራቱ ጣቶች ላይኛው መንጋጋ ውስጥ፣ አውራ ጣት ታችኛው ውስጥ ይገባሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ሲያነሣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቀለበስና አሻንጉሊቱ ጣሪያ እያየ ያወራል። ሰው ሲናገር የሚንቀሳቀሰው የታች መንጋጋው ነው። ስለዚህ አራቱ ጣቶች ባሉበት ይቆያሉ፣ አውራ ጣት ብቻ ከድምፁ ጋር ዝቅ ከፍ ይላል፤ አፉ «አ» ላይ ይከፈታል፣ «ም» ላይ ይገጠማል። የእጅ አንጓም ትንሽ ጎንበስ ማለት አለበት፣ አለዚያ ዓይኑ ከልጆቹ አናት በላይ ያልፋል። አፉ ቢዘገይ ልጆች ይታገሱታል፤ የሚያነጋግረውን ካላየ ግን አያምኑትም።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። የክር አሻንጉሊት ከላይ በእንጨት መያዣ ይንጠለጠላል፤ እግሩ ካልከበደ መሬት አይረግጥም። ቡንራኩ በተባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ቲያትር አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፦ ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሮቹን። በኢንዶኔዢያ የቆዳ ጥላ ትርኢት ደግሞ አንድ ሰው ሁሉንም እያንቀሳቀሰ የሁሉንም ድምፅ ያወጣል።

ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም የኦ ክፍል መምህራን የምመርጠው የዘንግና የጥላ አሻንጉሊትን ነው፤ ዕቃው ደጃፍ ላይ አለ። የበቆሎ ቆረቆንዳ ሰውነት ይሆናል፣ ጨርቅ ይለብሳል፣ ከጨርቅ እጆቹ ጫፍ ሁለት ቀጭን እንጨት ይታሰራል፤ እንጨቶቹን ከሥር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ለጥላ ነጠላ ይወጠርና ከኋላው ባትሪ ይበራል፤ ከካርቶን የተቆረጠ አህያና ጅብ በመካከላቸው ይያዛል። ነጠላውን ተጠግቶ የተያዘ ጥላ ጥርት ይላል፣ ወደ ባትሪው የቀረበ ይገዝፋል፣ ይደበዝዛልም። ጅቡ ሲመጣ ካርቶኑን ቀስ እያሉ ወደ ባትሪው ማስጠጋት ነው፤ ነጠላውን ሙሉ ይይዘዋል።