አብነት (የመድኃኒት ቃል)

አብነት በቀድሞው የአማርኛ የሕክምና ጽሑፍ የመድኃኒት አሠራር ማለት ነው። ለአንድ በሽታ ምን እንደሚወሰድ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅና ለታማሚው እንዴት እንደሚሰጥ የሚናገር መመሪያ ነው። ዛሬ ቃሉ በዚህ ፍቺው ከብራና መጻሕፍትና ከባህል ሐኪሞች አፍ ውጭ እምብዛም አይሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ «አብነት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ሰፈርና አደባባዩ ነው፤ የታክሲ ረዳት «አብነት! አብነት!» ብሎ ሲጣራ መድኃኒት የሚፈልግ የለም። ከዚያ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት ቤት፣ ወይም «ምሳሌ፣ አርአያ» የሚለው ፍቺ ይመጣል። አብነት የሰው መጠሪያም ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ፣ «ነ» ጠብቆ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይነበባሉ። ስለዚህ አንባቢ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በዙሪያው ካሉት ቃላት ብቻ ነው።

አብነትና መድኃኒት

ሁለቱ ቃላት በአሮጌ ጽሑፎች አንዳንድ ጊዜ ቢወራረሱም አንድ አይደሉም። መድኃኒት ነገሩ ነው፦ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ፍሬው። አብነት ደግሞ አሠራሩ ነው። ጤና አዳም መድኃኒት ነው፤ «ጤና አዳምን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠህ፣ በማር ለውሰህ፣ በባዶ ሆድ አብላው» የሚለው ግን አብነት ነው (ዓረፍተ ነገሩ ለማሳያ የተሠራ እንጂ ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም)። በዚህም ምክንያት አንድ ተክል በብዙ አብነቶች ውስጥ ሊገባ፣ ለአንድ በሽታም ብዙ አብነት ሊኖር ይችላል። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የሚባለው ባለሙያ ተክሉን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ምስጢር አድርጎ ለልጁ ወይም ለተማሪው የሚያወርሰው አብነቱን ነው።

«መድኃኒት» የሚለውም ቃል የራሱ መንትዮች አሉት። ሥሩ የግዕዙ «ድኅነ» (ዳነ፣ ተረፈ) ነው። «መድኅን» አዳኝ ማለት ሲሆን መድኃኔ ዓለምም የዓለም አዳኝ እንጂ የዓለም ፈዋሽ ቅጠል አይደለም። የዛሬው «መድን» ከዚያው ሥር ወጥቶ ለኢንሹራንስ ስም ሆኗል። በተራ ንግግር ደግሞ «መድኃኒት አበላችው» ከተባለ ነገሩ ተገልብጦ መርዝ ወይም መስተፋቅር ይሆናል።

አንድ ቃል እንዴት ምሳሌም መድኃኒትም ሆነ?

የቃሉ ቅርጽ «አብ» (አባት) በሚለው ላይ «ነት» የተጨመረበት ይመስላል፤ ልክ «ልጅነት»፣ «ሰውነት» እንደሚባለው። አባት ልጅ የሚከተለው ነውና «ሊከተሉት የሚገባ ነገር» የሚለው ፍቺ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩ ያሉትን እየተቀበለ፣ ቃል በቃል እየመለሰ ንባቡንና ዜማውን ይማራል። የመድኃኒት አብነትም እንዲሁ ነው፦ አንድ ጊዜ የሠራው፣ ሌላው ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲደግመው የተቀመጠ ሥርዓት። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ መንገድ ታይቷል። ሐኪሞች በማዘዣ ወረቀት ራስ ላይ የሚያደርጉት ምልክት «ሬኪፔ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ውሰድ» የሚል ትእዛዝ ነው። የወጥ ቤቱ «ሬሲፒ» የወጣውም ከዚያው ቃል ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1930 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የአንድን ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያሳትም በርዕሱ የተጠቀመበት «ረሴት» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃልም የዚሁ ዘር ነው፤ «አብነት» ለሚለውም የተስማማ ትርጉም ነው።

እንዴት ይለያል?

ቀላሉ ፈተና በቃሉ ቦታ «አርአያ» ብሎ ማንበብ ነው። «ለወጣቶች አብነት የሆነ መምህር» ሲባል «ለወጣቶች አርአያ» ቢሉት ትርጉሙ አይናጋም። «ለሳል አብነት» የሚለውን ግን «ለሳል አርአያ» ማለት አይቻልም። በሁለቱም ላይ «ለ» ስላለች በእርሷ ብቻ መለየት አይሆንም፤ የሚታየው ከ«ለ» ቀጥሎ ያለው ሰው ነው ወይስ ሕመም የሚለው ነው። የመድኃኒቱ አብነት ከኋላውም ምልክት አለው፤ «ወቅጠህ»፣ «ዘፍዝፈህ»፣ «በጥብጠህ»፣ «አጠጣ»፣ «ቀባ»፣ «አጥን» የሚሉ ግሦች ይከተሉታል። «አብነት አድርጎ»፣ «አብነት ወስዶ»፣ «አብነት ሆነ» ከሆነ ግን ነገሩ ምሳሌነት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «የአብነት ተማሪ» የሚለው ነው። ይህ የንባብ፣ የዜማ ወይም የቅኔ ተማሪ እንጂ የመድኃኒት ተማሪ አይደለም። ግራ መጋባቱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የመድኃኒት መጻሕፍትን ሲገለብጡና ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የወጡ ደብተራዎች ናቸው። በመጻሕፍታቸው ውስጥ አብነቱ ከጸሎትና ከአስማት ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ የሚደገመው ቃል ካለቀ በኋላ የሚደረገው ድርጊት «ገቢር» ይባላል። ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ሌላ ነገር ነው።

በመጻሕፍትና በኮምፒውተር

ስለነዚህ ጽሑፎች ሰፊ ጥናት ካደረጉት አንዱ ስቴፋን ስትሬልሲን ሲሆን የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናትና ዕፀዋት የሚመለከተውን ሥራውን የመጀመሪያ ክፍል በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በአማርኛ ደግሞ የገላሁን አባተ «ዕፀ ደብዳቤ» በ1989 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ ለብዙ የዕፀዋት ጥናቶች መነሻ ሆኗል።

የብራና ጽሑፎች ወደ ኮምፒውተር በገቡ ቁጥር የቃሉ መመሳሰል ተራ የቋንቋ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ቃሉን ሁልጊዜ «ምሳሌ» ብሎ የሚተረጉም ፕሮግራም «ለሆድ ቁርጠት አብነት» የሚለውን ርዕስ «የሆድ ቁርጠት ምሳሌ» ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ገጹ ከመድኃኒት ፈላጊ ተመራማሪ ዓይን ይሰወራል። «መድኃኒት» ብሎ መፈለግም መፍትሔ አይሆንም፤ ቃሉ «መድሃኒት»፣ «መድሐኒት»፣ «መድኀኒት» እየተባለ ስለሚጻፍ አንዱን የፈለገ ሌሎቹን ያጣል። በተቃራኒው «አብነት» በሐኪም ትእዛዝ ስም «ማዘዣ» ተብሎ ከተተረጎመ አንባቢው መጠኑ የተለካ ነገር ይመስለዋል። ብዙዎቹ አብነቶች ልኬታቸው ጭብጥ፣ ቁንጥር፣ ስኒ ነው፤ አንዱ የተክል ስምም በሁለት አገር ሁለት ተክል ሊሆን ይችላል። ኮሶን የመሰለ የታወቀ የትል መድኃኒት እንኳ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ ነው።

በፎቶ የተነሡ ገጾችን ፊደል በፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ሌላ ችግር ያመጣል። የደበዘዘ ቀለም ላይ «አ»ን ከ«እ» ለመለየት ይቸገራል፤ በዚህ መሐል «አብነት»፣ «እምነት» እና «እብደት» ይቀራረባሉ። የእብደት ሕክምና በእነዚህ መጻሕፍት እንግዳ ርዕስ አይደለምና «ለእብደት አብነት» የሚል መስመር ቢገኝ ፕሮግራሙ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ የተጻፈ አስመስሎ ሊያወጣው ይችላል፤ የገጹን ፎቶ ከጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።